«ፊቷ አይፈታም» ለተባለችው ባለሱቅ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከጀሞ ነው። ጸሐፊዋ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ሱቅ ትሠራለች። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አቀርባለሁ።

«ሱቁ የአጎቴ ነበር። እሱ ታሞ አገር ቤት ሲገባ እኔ ተረከብኩት። እሱ እያለ ከበሩ ላይ ሰው አይጠፋም ነበር። አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አንድ ልጅ አዲስ ሱቅ ከፍቷል። ዋጋው ከእኔ አይቀንስም፤ እንዲያውም አንዳንድ ዕቃ ላይ ይበልጣል። የድሮ ደንበኞቻችን ግን እኔን አልፈው እሱ ጋ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በሬ ላይ ቆመው ‹የዚችኛዋ ፊት እኮ አይፈታም› ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። ደግሞ ብቻዬን ነው የምሠራው። ትንሽ ፈገግ ካልኩ ወንዶቹ ሌላ ይመስላቸዋል፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አልሄድ ይሉኛል። ባለፈው ደግሞ አንዲት እናት ‹ለልጄ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ሰጠሽው› ብላ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። ዝርዝር ከሌለኝ ምን ላድርግ? ዱቤ ስከለክል ይቀየሙኛል፣ ስሰጥ አይከፍሉኝም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው። ሳቅ ካልተፈጠረብኝ ሱቁን ልተወው ይሻለኛል?»

እህቴ፣ አትተዪው። ቢያንስ አሁን አትተዪው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሰው የራቀሽ ስላልሳቅሽ አይመስለኝም።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» እንደሚባል አውቃለሁ። በአንቺ ላይም ሳይተረትብሽ አልቀረም። ግን የየሰፈራችንን የድሮ ባለሱቆች እስቲ አስቢያቸው። ስንቶቹ ናቸው ሲስቁ የታዩት? አንገታቸውን ደፍተው ሂሳቡን በካርቶን ቁራጭ ላይ የሚደምሩ፣ ከ«እሺ» ሌላ ቃል የማይወጣቸው ሰዎች ነበሩ። ግን ሰው ሲገባ ያያሉ። የማን ቤት የትኛውን ሳሙና እንደሚወስድ ያውቃሉ። መልስ አያጎድሉም። ሰፈሩ ይወዳቸው ነበር፤ ሲዘጉ «ምነው ዛሬ፣ ደህና አይደለም እንዴ?» እየተባለ ይጠየቅላቸው ነበር። ሰው ከሰፈሩ ሱቅ የሚፈልገው ሲገባ መታየትን ነው፤ ቀጥሎም አለመጠርጠርን። ሁለቱም ለዝምተኛ ሰው አይከብዱም።

መታየቱን እንውሰድ። ለአንዷ ሽንኩርት እየመዘንሽ ሌላ ሰው ይገባል። አንገትሽን እንደደፋሽ ከቀጠልሽ ያ ሰው እዚያ ቆሞ የሚሰማውን አስቢ። «አላየችኝም? ወይስ ንቃኝ ነው?» ይላል። ቀና ብለሽ «ጤና ይስጥልኝ፣ አንድ ጊዜ፣ መጣሁ» ካልሽው ግን አሥር ደቂቃም ይጠብቅሻል። ይቺን ለማለት መሳቅ አያስፈልግም። ቀና ማለት ይበቃል። በዚህ አጋጣሚ ስልክሽን ከባንኮኒው በታች አስቀምጪው። ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «ምን ነበር?» የምትል ባለሱቅ ጋ ተመልሶ መሄድ ማንም አይፈልግም።

አሁን ወደ ማስቲካው ልምጣ። እዚህ ላይ ከእናትየዋ ጋር ነኝ፤ ሳላቆለባብስ ልንገርሽ።

በየሰፈሩ ሱቅ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር አለ። ስድስት ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ብር አጣጥፎ በጭብጡ ይዞ ይመጣል። እንዳይረሳው «ሁለት ሳሙና፣ አንድ ፓስታ፣ የሃያ ብር ቲማቲም… ሁለት ሳሙና፣ አንድ ፓስታ…» እያለ በልቡ ይደግማል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቁመቱ ከባንኮኒው እኩል ነው። ከላዩ ላይ አንድ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ «አንድ ሚሪንዳ» ይላል፤ ይሰጠዋል። ሌላዋ «እንቁላል ስንት ገባ?» ትላለች፤ ይነገራታል። ልጁ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ፓስታው ጠፍቶበታል። ሁለት ሳሙናና ቲማቲም ይዞ፣ በመልሱ ምትክ ማስቲካ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሮጣል። ቤት ሲደርስ የሚቆጡት እሱን ነው። «ፓስታውስ? መልሱስ? ማስቲካ ገዛህበት አይደል?» ይባላል። አልገዛሁም ቢልም አይታመንም።

ያቺ እናት የጮኸችብሽ ለአምስት ብር አይደለም። ምናልባት መጀመሪያ ልጇን ቆጥታው፣ አልቅሶባት፣ እውነቱን በኋላ ደርሳበት ነው የመጣችው። በእኛ ሰፈር ልጅ የቤቱ ተላላኪ ነው። ልጁን የናቀ ባለሱቅ ቤቱን እንደናቀ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ልጅ ሲመጣ ተራውን ጠብቂለት። ትልቅ ሰው ሊቀድመው ሲል «አንድ ጊዜ ጋሼ፣ እሱ ቀድሞ ነው የመጣው» በይ። ማንም አይቀየምሽም። ከቻልሽ ደግሞ መልሱን በወረቀት ጠቅልለሽ ስንት እንደሆነ ላዩ ላይ ጻፊለት። ይህን የምታደርግ ባለሱቅ እያለች እናቶች ሁለት ብሎክ አልፈው የሚሄዱበት ምክንያት አይታየኝም።

«ዝርዝር ከሌለኝስ?» ብለሻል። ችግሩ እውነተኛ ነው። 2013 መስከረም ላይ 200 ብር ኖት ከመጣ ወዲህ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ሁለት መቶ ይዞ ዳቦ ሊገዛ ይመጣል። ግን ዝርዝር ማዘጋጀት እንደ ስኳርና ዘይት የሱቁ ሥራ ነው። ከባንክ አስዘርዝሪ። ካልሆነልሽ ከታክሲ ረዳቶች ወይም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሚቀመጡት ነዳያን ጋር ተስማሚ፤ እነሱ ሳንቲም ይሰበሰብላቸዋል፣ ድፍን ብር ይፈልጋሉ። ስልክ ያለው ደንበኛም ልኩን በቴሌብር ቢከፍልሽ ተገላገልሽ።

ያም ሁሉ ሆኖ የጠፋ ቀንስ? የዱቤ ደብተር አለሽ አይደል? ከዚያ ውስጥ አንድ ገጽ ለራስሽ ዕዳ ክፈቺ። «የአምስት ብር መልስ አለሽ፣ ይኸው ጽፌዋለሁ» በያት። እያየችሽ ጻፊው። በሚቀጥለው ስትመጣ ሳትጠይቅሽ አንቺ አስታውሺያት። ሰው የእሱ ዕዳ ብቻ ሲጻፍ ነው የለመደው፤ ባለሱቅ የራሷን ዕዳ ስትጽፍ ሲያይ ነገሩ ይለወጣል። ማስቲካውንና ከረሜላውን ለፈለገው ሽጪው። ሳይፈልግ አታስይዢው።

ወደ አለመጠርጠር ልለፍ። ይህ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም መጠንቀቅሽ ትክክል ነው። በሐሰተኛ የባንክ መልእክት ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ብር በስልክ ሲላክልሽ በራስሽ ስልክ ማረጋገጥ አለብሽ፤ የደንበኛውን ስክሪን ብቻ አይተሽ አትልቀቂ። ግን አደራረጉ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። «አልገባም!» ብለሽ ዕቃውን ወደ ራስሽ ሳብ ብታደርጊ፣ እዚያ ቆመው ባሉት ፊት ሌባ አደረግሽው። «ኔትወርኩ እስኪያደርስልኝ አንድ ጊዜ» ብለሽ ዕቃውን በፌስታል እያስገባሽ ብትጠብቂ ያው ጥንቃቄ ነው፣ ማንም ግን አይሸማቀቅም። ለሁሉም እኩል አድርጊው። የማታውቂውን ስትመረምሪ የምታውቂውን ዝም ብለሽ ካሳለፍሽ፣ የማታውቂው ያን ጊዜ ይገባዋል። ለጠርሙስም እንደዚሁ ነው። ባዶ ጠርሙስ ላላመጣ ሁሉ ማስያዣ ካስከፈልሽ ደንብ ነው፤ መርጠሽ ካስከፈልሽ ግን ንቀት ነው።

ሚዛንሽም ቁጥሩ ወደ ደንበኛው ይዙር። ሽንኩርት መዝነሽ ስትጨርሺ አንድ ራስ ጣል አድርጊ። ምራቂ ብዙ አያከስርም፤ «መርቂልኝ እንጂ» ከመባሉ በፊት የመጣ ምራቂ ደግሞ ብዙ ያናግራል።

ስለ ዋጋ በደብዳቤሽ ብዙም አላልሽም፤ ግን ጠርጥሬያለሁ። 2016 ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ዕቃ ሲጨምር እንደከረመ አንቺም ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ይወጣል። አቅሙን እያሰላ ነው። ያን ጊዜ «ካልገዛሽ ምን አስጠየቀሽ?» የሚለው ንግግር ከብዙ ባለሱቆች አፍ ይወጣል። ካንቺ ወጥቶ ከሆነ ይብቃው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሳይቀር ይህን ያነሳል። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ማንም ሸማች እንዲገዛ አይገደድም። በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት ሊስተናገድም መብት አለው። ዋጋ ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ እንዳለበትም አዋጁ ይናገራል።

ይህን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም። ዋጋ መለጠፍ ከማንም በላይ የሚጠቅመው አንቺን ነው። ዝምተኛ ነኝ ብለሻል። መደርደሪያሽ ላይ በካርቶን ቁራጭ፣ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ዋጋ ካለ በቀን የሚመጣብሽ ጥያቄ ይቀንሳል። የተቸገረውም ሰው ሳይሸማቀቅ አይቶ ይወስናል። ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ሰው ብሩን ቆጥሮ ከሰጠሽ በኋላ «ጨምሯል» አትበይው። ገና ዘይት ሲል «ከትናንት ወዲያ ጨምሯል፣ ላሳይሽ» በይ። በድሮ ዋጋ ሸጠሽ ክሰሪ አልልሽም፤ ነገ በአዲሱ ዋጋ እንደምታመጪው ይገባኛል። መቅደም ብቻ ነው የምጠይቅሽ።

ዱቤ። «ዱቤ የለም» የሚል ለጥፈሽ ለአንዳንዱ ትሰጪ እንደሆነ ወረቀቱን ቅደጂው። የተከለከለው ሰው ለሌላው ስትሰጪ ያይሻል። ይልቅ ወሰን አብጂ። ለአንድ ቤት እስከዚህ ብር፣ ደመወዝ ሲወጣ ይከፈላል፣ ያለፈው ሳይዘጋ አዲስ አይጻፍም። ስትጽፊ እያዩሽ ይሁን፤ ገጹንም በስልካቸው ፎቶ ያንሱት። ስትከለክይ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። «እትዬ፣ ያለፈው ይቅደምልኝ፤ ዳቦውን ግን ይውሰዱት» የሚል ክልከላ ሰው አያጣላም። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አታድርጊ፦ ዕዳውን በልጅ አትላኪ። «እናትህ ብሬን ትክፈለኝ በላት» ተብሎ ጓደኞቹ ፊት የተመለሰ ልጅ ሲያድግም አይረሳውም። ገንዘብሽን ከፈለግሽ ራስሽ ሂጂ፣ በር አንኳኪ፣ ለእናትየዋ ብቻ ንገሪያት።

ወንዶቹን በተመለከተ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የሰላምታሽን ትርጉም ሆን ብሎ የሚያጣምም ሰው ፊትሽን ብታጨፈግጊም ሌላ ሰበብ ያገኛል። በእሱ ምክንያት እናቶቹንና ሽማግሌዎቹን ማኩረፍ የለብሽም። ሁሉንም በአንድ ዓይነት አክብሮት አስተናግጂ። «ወንድሜ፣ ምን ልስጥህ?» ካልሽ በኋላ ዕቃውን ስጪው፣ መልሱን ስጪው፣ ወዲያው ፊትሽን ወደሚቀጥለው ሰው አዙሪ። የሚቀጥል ሰው ከሌለ መደርደሪያሽን አስተካክይ። ባንኮኒው አጠገብ በርጩማ ካለ አንሺው፤ መቀመጥ የሚፈልግ ውጭ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ። «የኔ ቆንጆ» ላለሽ «እህትህ ነኝ፣ ሌላ የምትገዛው አለ?» በይው፤ ድምፅሽ አይለስልስ፣ አይቆጣም። አልሄድ ያለ ካለ ለብሎኩ ጥበቃ ተናገሪ፤ ለጎረቤት ሴቶችም ንገሪ። ስለ ፊትሽ በርሽ ላይ ያወሩት ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው፣ ምን እንደሚደርስብሽ ቢያውቁ ቀድመው የሚቆሙልሽ ይመስለኛል።

አጎትሽ ጋ ዛሬ ማታ ደውይለት። ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የያዘኝ እሱ ነው። ሰዉ እሱን የወደደው በአንድ ቀን አይደለም፤ ዓመታት ቆጥሮ ነው። ግን የሚያውቀውን ሊነግርሽ ይችላል። ደብተር ይዘሽ ብሎክ በብሎክ ጠይቂው። ማን ስኳር በሽታ አለበት? ማን ቁልፍ ያስቀምጥ ነበር? የማን ልጅ ዓረብ አገር ናት? ማን ወር ሳይደርስ ይከፍላል፣ ማንን ማስታወስ ያስፈልጋል? ማን ረቡዕና ዓርብ ወተት አይወስድም? የሰፈር ሱቅ ዕቃ መሸጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቤት ዘግቶ የወጣ ሰው «ልጄ ስትመጣ ስጪልኝ» ብሎ ቁልፍ የሚተውበት ነው። እንግዳ መጥቶ «የእትዬ እገሊት ቤት በየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ የሚሰማበት ነው።

ይህን ለመሥራት ቀልደኛ መሆን አይጠበቅብሽም። ሚስጥር የምትጠብቅ፣ የሰማችውን የማታወራ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ዝምታሽ እዚህ ላይ ሀብት ነው። ሰፈሩ እድር ካለው ግቢ። ደንበኛሽ ለቅሶ ሲደርስበት ለአንድ ሰዓት ዘግተሽ ድረሺ። ሲወልዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በያት፤ በዒድ ቀን የሙስሊም ጎረቤትሽን «ዒድ ሙባረክ» በይ። በየሱቁ የሚለጠፈውን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ እኔ አልወደውም። ደንበኛሽ ጎረቤትሽ ነው። ንጉሥ ቢቆጣ ዝም ይባላል፤ ጎረቤት ሲያጠፋ ግን በጨዋ ቋንቋ ሊነገረው ይችላል። ያ መብት አንቺም አለሽ። ሰድቦ የሚናገርሽን ማገልገል አይጠበቅብሽም።

ስለ ልጁ ሱቅ ክፉ አትናገሪ። እንዲያውም የሌለሽን ዕቃ ሲጠይቁሽ «የለኝም፣ እዚያ ሳይኖር አይቀርም» በያቸው። የሚያስፈልጋቸውን እንዲያገኙ የምትፈልግ ሰው እንደሆንሽ ያዩታል።

በመጨረሻ፣ ስለ ሰዓቱ። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 3 ማለት 15 ሰዓት ነው። እንዲህ የቆመ ሰው ፊቱ እንዴት ይፈታ? ምሳ መቼ ትበያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ሽያጭሽን ለሁለት ሳምንት በየሰዓቱ ጻፊና እይው። ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰው የማይመጣ ከሆነ ዝጊና ተኚ፤ በሩ ላይ የምትመለሺበትን ሰዓት ጻፊ፣ በሰዓቱም ተመለሺ። ካልሆነም የምታምኛት የእህት ወይም የአክስት ልጅ ካለች ማታ ማታ ታግዝሽ። ከኋላሽ በርጩማ አድርጊና ሰው ሲጠፋ ቁጭ በይ። ይህ ቅንጦት አይደለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ የመጣችው እናት የምታገኘው ፊት የሚወሰነው ቀን ላይ ማረፍ አለማረፍሽ ነው።

ነገ ግን ከሁሉ በፊት የማስቲካው ልጅ ቤት ሂጂ። ብሩን ያዢ። «እትዬ፣ የዚያን ቀን መልስ ይኸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጁ አይደለም» በያት፤ ልጁ እየሰማ በይው። ሻይ ጠጪ ካለችሽ ግቢና ጠጪ። ከዚያ እስከ ፋሲካ ሞክሪው። የድሮዎቹ ደንበኞች ከነልጆቻቸው መመለስ አለመመለሳቸውን እየጻፍሽ ቆይ። ያን ጊዜም ካልተመለሱ፣ ስለ መተው የዚያን ጊዜ በቁጥር ይዘን እናወራለን።